ከ2,014 ፕሮቲኖች ውስጥ የውጭዎቹን መለየት፦ ከኮምቦልቻ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት መጀመሪያ

ሥራው እንዲህ ነው፦ የከብት በሽታ የሆነውን የጎሮርሳን አምጪ ባክቴሪያ፣ ፓስቱሬላ ሙልቶሲዳን፣ ሙሉ የፕሮቲን ዝርዝር እወስዳለሁ፤ ከዝርዝሩም በባክቴሪያው የውጭ ሽፋን ላይ የሚቀመጡትን ከአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተላቸው ብቻ ተነሥቼ እለያለሁ። ብልቃጥም ማይክሮስኮፕም አያስፈልግም፤ አንድ ላፕቶፕ ይበቃል። ቀን ኮምቦልቻ ውስጥ በእንስሳት ጤና ሥራ ላይ ስለምውል ይህን የምሠራው ማታ ማታና በሰንበት ነው።

ወሎ ውስጥ በዚህ ሙያ ኖሮ ጎሮርሳን ችላ የሚል ሰው አላውቅም። በቆላው ከብት ይወድቃል፤ በደላንታ፣ በተንታና በኩታበር ደጋ ደግሞ የፓስቱሬላ ቤተሰብ የሆኑ ባክቴሪያዎች የበጉን ሳንባ ያጠቃሉ። ገበሬው ለልጁ ደብተርና ለማዳበሪያ ሊሸጠው ያሰበው በግ በጥቂት ቀን ሕመም ያልቃል። ክትባት አለ፤ የተሻለ ክትባት የሚፈልግ ሰው ግን መጀመሪያ የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ የእንስሳው ደም ውስጥ ያለው መከላከያ የዚህን ባክቴሪያ የቱን ክፍል ያያል?

ባክቴሪያው ግራም ኔጌቲቭ ከሚባሉት ወገን ነው። ዴንማርካዊው ሐኪም ሐንስ ክርስቲያን ግራም እ.ኤ.አ. በ1884 ባወጣው የማቅለም ዘዴ ሐምራዊውን ቀለም ይዘው የማይቆዩት እነዚህ ናቸው። ግድግዳቸው ስስ ነው፤ ከግድግዳው ውጭ ግን ሌላ ሽፋን ደርበዋል። ስለዚህ ሁለት ሽፋን አላቸው፤ በሁለቱ መካከልም ፔሪፕላዝም የሚባል ክፍተት አለ። ፀረ እንግዳ አካል በሕዋሱ ሆድ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን ሊይዝ አይችልም፤ የሚደርሰው በውጭኛው ሽፋን ላይ ብቅ ያለውን ነው። ፍለጋዬ የሚያተኩረውም በዚያ ላይ ነው።

ለመነሻ የመረጥኩት ፒኤም 70 የተባለውን ዝርያ ጂኖም ነው። ከዶሮ የተገኘ ነው፤ ጂኖሙ እ.ኤ.አ. በ2001 ታትሟል፤ 2,257,487 የዲኤንኤ ፊደላትና 2,014 ፕሮቲን ሠሪ ጂኖች ተቆጥረውበታል። በአፍሪካ ከብት ላይ ጎሮርሳ የሚያመጣው ዓይነት ከዚህ ይለያል፤ ቢሆንም ብዙ የተጠናው ይህኛው ስለሆነ ዘዴውን የምፈትነው በእርሱ ነው። የባክቴሪያው ስም የመጣው ከሉዊ ፓስተር ነው፤ ፓስተር በቤተ ሙከራ የተዳከመ ክትባትን እ.ኤ.አ. በ1880 ገደማ ያሳየውም በዚሁ ባክቴሪያ፣ በዶሮ ኮሌራ ላይ ነበር። ከመቶ አርባ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ጠላት ሙሉ የፕሮቲን ዝርዝሩ አንድ ሜጋባይት በማይሞላ ፋይል ገብቶ ኮምቦልቻ ላፕቶፕ ላይ መቀመጡ እስካሁን ያስደንቀኛል።

ጥቅምት አጋማሽ

የእኅቴ ልጅ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሶፍትዌር ምህንድስና ይማራል፤ የሚኖረውም እኔ ዘንድ ነው። ኮዱን የሚጽፈው እርሱ፣ ባዮሎጂውን የማስረዳው እኔ ነኝ። ዛሬ ያነሣው ሐሳብ ቀላል ነበር፦

«አክስቴ፣ በርሜል ፕሮቲን የሚለዩ ፕሮግራሞች ተዘጋጅተው ተቀምጠዋል። ከመቶ ዘጠና አምስት ትክክል የሆነውን መርጠን ሁሉንም ፕሮቲን አንድ ላይ ብንሰጠው አያልቅም?»

አያልቅም። ምክንያቱን በወረቀት አሰላንለት፤ ከዚህ ሥራ ሁሉ ዋናው ነገር ይህ ስሌት ስለሆነ እዚህ እጽፈዋለሁ።

የውጭ ሽፋን በርሜል ፕሮቲኖች፣ ማለትም እንደ በርሜል ክብ ሆነው ሽፋኑን የሚያቋርጡት፣ በእንዲህ ዓይነት ባክቴሪያ ከሁሉም ፕሮቲኖች መካከል ከመቶ ሁለት ወይም ሦስት ገደማ ናቸው። ስለዚህ ከ2,014ቱ 60 ያህሉ እውነተኛ ናቸው እንበል። ፕሮግራሙ ከእውነተኞቹ ከመቶ ዘጠናውን ያገኛል፣ ከቀሩት ደግሞ ከመቶ አምስቱን በስሕተት ይጨምራል እንበል። ከ60ው 54ቱ ይገኛሉ። ከቀሩት 1,954 ግን 98 ያህል ሐሰተኞች ይገባሉ። እጃችን ላይ የሚቀረው 152 ስም ያለበት ዝርዝር ነው፤ ከዚያም ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋው ሐሰት ነው። «ትክክል» የተባለው ፕሮግራም ዋሽቶ አይደለም፤ የምንፈልገው ነገር ብርቅ ስለሆነ ነው።

አሁን ቅደም ተከተሉን እንቀይር። በርሜሉን ከመፈለጋችን በፊት በሌላ ማስረጃ ወደ ውጭ ሊሄዱ የማይችሉትን አስወጥተን 300 ብቻ ቀሩ እንበል፤ 60ዎቹም በውስጡ አሉ። ያው ፕሮግራም በዚህ ላይ ሲሠራ ያው 54 ይገኛል፤ ሐሰተኛው ግን ከ240ው 12 ብቻ ይሆናል። ፕሮግራሙ አልተሻሻለም፤ የቀረበለት ጥያቄ ግን ተስተካክሏል።

ልጁ ስሌቱን አይቶ ዝም አለ፤ ከዚያ ተጨማሪ ጥያቄ ይዞ መጣ፦ «እንግዲያው ሁሉንም ‹የውጭ አይደለም› የሚል ፕሮግራም ከመቶ ዘጠና ሰባት ትክክል ሊሆን ነው?» ይሆናል! ስለዚህ ውጤታችንን በትክክለኛነት መቶኛ አንለካም፤ ብሪያን ማቲውስ እ.ኤ.አ. በ1975 ባቀረበው የዝምድና መለኪያ እንለካለን። ይህ መለኪያ እንዲህ ላለው ሰነፍ ፕሮግራም ምንም ዋጋ አይሰጥም፤ ከፍ የሚለው እውነተኞችን አግኝቶ ሐሰተኞችን ለሚተው ብቻ ነው።

ጥቅምት መጨረሻ

የመጀመሪያው ማጣሪያ የጉዞ ምልክት ነው። የውጭ ሽፋን ፕሮቲን የሚሠራው በሕዋሱ ሆድ ውስጥ ነው፤ ቦታው ለመድረስ የውስጡን ሽፋንና ክፍተቱን ማለፍ አለበት። ሁለት ኬላ እንደሚያልፍ የጭነት መኪና ነው፦ በየኬላው የሚያሳየው ሰነድ የተለያየ ነው፤ እኛም የምናነበው እነዚያኑ ሰነዶች ነው።

የመጀመሪያው ሰነድ በፕሮቲኑ መነሻ ላይ ያለው ሲግናል ፔፕታይድ ነው። ርዝመቱ ብዙ ጊዜ ከሃያ እስከ ሠላሳ አሚኖ አሲድ ነው፤ መነሻው ላይ ላይሲን ወይም አርጂኒን ይኖራል፣ መካከሉ ውሃ ጠል በሆኑት ይሞላል፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ አላኒን፣ ማንኛውም፣ አላኒን የሚል ቅርጽ ይታያል። እዚያ ላይ ኢንዛይም ይቆርጠዋል። ለዚህ የተጠቀምነው እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣውን ሲግናልፒ 6ን ነው፤ አምስት ዓይነት ምልክቶችን ይለያል።

ከአምስቱ አንዱ የሊፖፕሮቲን ምልክት ነው፤ እርሱን በተለየ ፋይል አስቀመጥኩት። እነዚህ ፕሮቲኖች ከመቁረጫው ቀጥሎ ሲስቴይን አላቸው፤ በዚያች ሲስቴይን ላይ ስብ ተጣብቆ ከሽፋኑ ጋር ያያይዛቸዋል። በርሜል ስለሌላቸው ቀጥሎ ያለው ማጣሪያ ይጥላቸዋል፤ ለክትባት ግን ከፍተኛ ዋጋ ያላቸው አሉ። የፓስቱሬላው ፒኤልፒኢ ከእነርሱ ወገን ነው። ብዙ በተጠናው የአንጀት ባክቴሪያ በኢ. ኮላይ ከሲስቴይኑ ቀጥሎ አስፓርቲክ አሲድ ካለ ሊፖፕሮቲኑ በውስጡ ሽፋን ይቀራል። ይህን ሕግ ለፓስቱሬላ እንደ ፍንጭ እንጂ እንደ ፍርድ አልቆጠርኩትም።

አንድ ችግር ብዙ ጊዜ ወሰደብን። ጂኖም ላይ የጂን መነሻ የሚወሰነው በፕሮግራም ነው፤ ፕሮግራሙ መነሻውን ሠላሳ አሚኖ አሲድ ወደፊት ገፍቶ ካስቀመጠ ምልክቱ ከነጭራሹ ተቆርጦ ይቀራል። እንዲህ ያለውን ፕሮቲን ሲግናልፒ «ምልክት የለውም» ቢል አይፈረድበትም። ስለዚህ ሌላ ባክቴሪያ ውስጥ የውጭ ሽፋን ዘመድ ያላቸው ነገር ግን ምልክት ያጡ ፕሮቲኖችን አንድ በአንድ ወደ ዲኤንኤው ተመልሰን፣ ከፍ ብሎ ሌላ መነሻ ኮዶን (ጂን የሚጀምርባቸው ሦስት ፊደላት) መኖሩን አየን። አንዳንዶቹ በእርግጥም ምልክታቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ሳይሠራ የቀረ ዝርዝር ግን ቀዳዳ እንዳለው ይቀራል።

ኅዳር መጀመሪያ

ሁለተኛው ማጣሪያ ፈጣን ነበር። የውስጥ ሽፋን ፕሮቲኖች ሽፋኑን የሚያቋርጡት በአልፋ ሄሊክስ፣ ማለትም በጠመዝማዛ ቅርጽ ነው፤ ሃያ ገደማ ውሃ ጠል አሚኖ አሲዶች በተከታታይ ስለሚሰለፉ ለኮምፒውተር ግልጽ ናቸው። ምልክቱን ቆርጠን ካወጣን በኋላ ሁለትና ከዚያ በላይ ሄሊክስ ያለውን ከዝርዝሩ አወጣነው። ቅድሚያ መቁረጡ ግድ ነው፤ የሲግናል ፔፕታይዱ ውሃ ጠል መካከል ራሱ ሄሊክስ ይመስላልና። ፎቢየስ የተባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2004 የተሠራው ሁለቱን አብሮ አይቶ እንዲለይ ነው፤ ለማነጻጸሪያ እርሱንም አስኬድነው።

አንድ ሄሊክስ ብቻ ያላቸውን አልጣልኩም። ደብልዩዜድኤ የተባለው የኢ. ኮላይ ፕሮቲን የውጩን ሽፋን የሚያልፈው በሄሊክስ በተሠራ ቀዳዳ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2006 በቅርጹ ታይቷል።

ኅዳር ሙሉውን

አሁን ወደ በርሜሉ ደረስን፤ ከባዱ ይህ ነው።

በውጩ ሽፋን ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖች አብዛኞቹ ሽፋኑን በሄሊክስ አያቋርጡም። ቤታ ክሮች ጎን ለጎን ተሰልፈው፣ የመጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር ተጣብቆ፣ ክብ በርሜል ይዘጋሉ። አንዱ ክር ሽፋኑን ለማቋረጥ አሥር ያህል አሚኖ አሲድ ይበቃዋል። ከአሥሩ አንዱ ወደ ውጭ ወደ ስቡ ይመለከታል፣ ቀጥሎ ያለው ወደ በርሜሉ ውስጥ ወደ ውሃው፣ ቀጥሎ ያለው እንደገና ወደ ስቡ። ስለዚህ ውሃ ጠሉና ውሃ ወዳዱ ይፈራረቃሉ። አማካዩን ብናሰላ ተራ ፕሮቲን ይመስላል፤ ሄሊክሱን ያጋለጠው ተከታታይ ውሃ ጠልነት እዚህ የለም። የውስጥ ሽፋን ፕሮቲኖች በቀላሉ ሲለዩ የውጭዎቹ የሚያስቸግሩት ለዚህ ነው።

ልጁ በፓይተን ከአንድ ገጽ የማይበልጥ ፕሮግራም ጻፈ። ካይትና ዱሊትል እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጡትን የውሃ ጠልነት መለኪያ ይጠቀማል፤ በዚያ መለኪያ አይሶሉሲን 4.5፣ አርጂኒን ደግሞ ከዜሮ በታች 4.5 ነው። ፕሮግራሙ በአሥር አሚኖ አሲድ መስኮት እየተንሸራተተ የጎዶሎ ቦታዎችን ድምር ከተጋማሽ ቦታዎች ድምር ይቀንሳል። ኦምፕኤ በተባለው የኢ. ኮላይ የውጭ ሽፋን ፕሮቲን ላይ ሞከርነው። ኦምፕኤ ስምንት ክር እንዳለው ቅርጹ ተሠርቶ ይታወቃል። ክሮቹ ባሉበት ጉብታ ወጣ፤ ክር በሌለበትም ወጣ። መፈራረቅ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው።

የጎደለው የበርሜሉ ሥርዓት ነው። የፕሮቲኑ ሰንሰለት ሁለት ጫፎች በፔሪፕላዝም በኩል ስለሚቀሩ በባክቴሪያ በርሜል ውስጥ የክሮቹ ቁጥር ለሁለት የሚካፈል ተጋማሽ ቁጥር ነው፤ በኢ. ኮላይ ከኦምፕኤ 8 እስከ ኤልፒቲዲ 26 ይደርሳል። በፔሪፕላዝም በኩል ክሮቹን የሚያገናኙት አጫጭር መታጠፊያዎች ናቸው፤ በውጭ በኩል ግን ረጃጅም ቀለበቶች ናቸው። ክሩ ከሽፋኑ በሚወጣበት ጠርዝ ላይ ታይሮሲንና ትሪፕቶፋን ይበዛሉ። ፕሬድ-ቲኤምቢቢ 2 እና ቦክቶፐስ 2 የተባሉት መሣሪያዎች እነዚህን ሕጎች አንድ ላይ ይዘው ሙሉውን ሰንሰለት ያነባሉ፤ አጭር መታጠፊያ፣ ክር፣ ረጅም ቀለበት፣ ክር እያሉ ይሄዳሉ። የኛ አንድ ገጽ ፕሮግራም ጉብታን ይቆጥራል፤ እነርሱ ጉብታው ቦታው ላይ መሆኑን ይጠይቃሉ።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው ማስረጃ ግን ጫፉ ላይ ያለው ነው። የብዙ በርሜል ፕሮቲኖች የመጨረሻዋ አሚኖ አሲድ ፌኒልአላኒን ናት። ኔዘርላንዳውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1991 በፎኢ ፕሮቲን ላይ ይህች ቦታ ፕሮቲኑ በውጩ ሽፋን ላይ በትክክል እንዲገባ እንደምታስፈልግ አሳይተዋል። ኦምፕኤፍና ኦምፕሲ ሁለቱም በታይሮሲን፣ ግሉታሚን፣ ፌኒልአላኒን ያልቃሉ። ላምቢና ቢኤኤምኤ በትሪፕቶፋን ያልቃሉ። የመጨረሻው ክር፣ በርሜሎችን በውጩ ሽፋን ላይ የሚተክለው ባም የተባለ የፕሮቲኖች ስብስብ የሚያነበው ሰነድ ነው፤ ሁለተኛው ኬላ ይህ ነው።

ኦምፕኤ ግን በዚህ ማጣሪያ ይወድቃል። በርሜሉ በመጀመሪያዎቹ 171 ገደማ አሚኖ አሲዶች ያልቃል፤ ቀሪው በፔሪፕላዝም ውስጥ የተንጠለጠለ ክፍል ነው። ፌኒልአላኒኗ አለች፤ ያለችው ግን መሀል ላይ፣ በርሜሉ በሚዘጋበት ቦታ ነው። ስለዚህ ልጁ ጫፉን ብቻ ሳይሆን የተገመተውን የመጨረሻ ክር መድረሻ እንዲያይ ኮዱን አስተካከለው። በተጨማሪ ይህ ምልክት ከዝርያ ዝርያ ይለያያል፤ ናይሴሪያ በተባሉት ባክቴሪያዎች ከመጨረሻዋ በፊት ያለችው ብዙ ጊዜ አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ያላት ናት፤ የኢ. ኮላይ ባም ደግሞ እርሷን በደንብ አይቀበልም። የኢ. ኮላይን ሕግ እንዳለ ወደ ፓስቱሬላ መገልበጥ አይገባም።

ታኅሣሥ

ፓስቱሬላን ከመንካታችን በፊት ሙሉውን የማጣሪያ ቅደም ተከተል በኢ. ኮላይ ኬ-12 ዝርያ ላይ አስኬድን። ጂኖሙ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ነው፤ የውጭ ሽፋን ፕሮቲኖቹም አብዛኞቹ በቤተ ሙከራ የተረጋገጡ ናቸው። መብራት በሄደ ቁጥር ከዜሮ እንዳንጀምር ልጁ ፕሮግራሙ በየመቶው ፕሮቲን ውጤቱን እንዲያስቀምጥ አድርጎት ነበር፤ ጠቀመን።

ውጤቱ ሲታይ ያማረ ነበር። ያማረ ስለሆነ ግን አላመንኩትም። መሣሪያዎቹ የሠለጠኑት በአብዛኛው በራሱ በኢ. ኮላይ ፕሮቲኖች ነው፤ በእነዚያው ስንፈትናቸው የሚያስታውሱትን እንጂ የሚያውቁትን አንለካም። ከማሠልጠኛቸው ጋር የሚመሳሰሉትን አውጥተን በቀሩት ላይ ስንለካ ቁጥሩ ዝቅ አለ። የምተማመነው በዚያ ዝቅ ባለው ነው።

ሁለት ፕሮቲኖች ብዙ አስተማሩን። ቶልሲ ከዝርዝሩ ወደቀ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ አሥራ ሁለት ክር ያለው በርሜል ቢኖረውም ሦስት ሰንሰለቶች አራት አራት እያዋጡ የሚሠሩት ነው፤ አንዱን ሰንሰለት ብቻ የሚያይ ፕሮግራም አራት ክርና ረጃጅም ሄሊክስ ያገኛል። ስለዚህ ከበርሜል መሣሪያዎቹ ጎን ሂመር በተባለው ፕሮግራም የፕሮቲን ቤተሰብ ዝምድና ፍለጋ ጨመርን፤ ቶልሲን የመለሰው እርሱ ነው። በሌላ በኩል ቶልቢ ሳይጠራ ገባ። ቶልቢ በፔሪፕላዝም የሚቀር ፕሮቲን ነው፤ ነገር ግን ሲግናል ፔፕታይድ አለው፣ የማራገቢያ ቅርጽ የሚሠሩ ብዙ ቤታ ክሮችም አሉት። መፈራረቅን ለሚቆጥር ፕሮግራም በርሜል ይመስለዋል። ያስወጣው የመጨረሻው ክር ምልክት መጥፋቱና የቤተሰብ ፍለጋው ነው።

ለዚህ ነው ፕሮቲን በሕዋሱ የት እንደሚቀመጥ የሚገምተውን ፒሶርትቢ 3 የተባለ ፕሮግራም የማከብረው። ነጥቡ 7.5 ካልደረሰ «አይታወቅም» ብሎ ይተወዋል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ድክመት ያየዋል፤ እኔ ግን ለክትባት እጩ የምመርጥ ሰው ነኝና ከግምት ይልቅ ዝምታውን እመርጣለሁ።

ጥር

የፓስቱሬላው ዝርዝር አለቀ፤ ሁለት ገጽ ሞላ። የሚታወቁት ተገኝተዋል፦ ኦምፕኤ፣ ዋናው ቀዳዳ ሠሪ ኦምፕኤች፣ የባም ስብስብ ዋና አካል የሆነው ኦማ87፣ ኤልፒቲዲ፣ ሄሞግሎቢንን የሚይዘው ኤችጂቢኤና ሌሎች የብረት ተቀባዮች። በተለየ ፋይል ደግሞ ሊፖፕሮቲኖቹ አሉ። በርሜል ሳይኖራቸው ከሕዋሱ ላይ የሚዘረጉት፣ በሺዎች የሚቆጠር አሚኖ አሲድ ያላቸው የፒኤፍኤችቢ ፕሮቲኖችም ሦስተኛ ቦታ ይዘዋል። ልቤን የሚስበው ግን ተግባራቸው የማይታወቅ፣ ማስረጃዎቹ ሁሉ የተስማሙባቸው ጥቂት ስሞች ናቸው።

ለእነዚህ ከአልፋፎልድ የመረጃ ቋት የተዘጋጁ የቅርጽ ሞዴሎችን አወረድን። ኮምቦልቻ ላይ ኃይለኛ ኮምፒውተር አያስፈልገንም፤ ቅርጾቹ አስቀድመው ተሠርተው ተቀምጠዋል። የምናየው አንድ ነገር ነው፦ በርሜሉ ይዘጋል ወይስ አይዘጋም? የመጀመሪያው ክር ከመጨረሻው አጠገብ ካለና ሞዴሉ በዚያ አካባቢ በራሱ የሚተማመን ከሆነ ፕሮቲኑ በዝርዝሩ ይቆያል። አንደኛው ሲከፈት ልጁ ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ፤ ንጹሕ በርሜል ነበር፣ እስካሁን ማንም ስም ያልሰጠው።

ዝርዝሩን ለአንድ አንጋፋ ባልደረባዬ አሳየሁት። ጋሼ ስንት ዘመን በበሽታው ላይ የሠራ ሰው ነው፤ ሁለቱን ገጽ ቀስ ብሎ አንብቦ ጣቱን በብረት ተቀባዮቹ ላይ አሳረፈ።

«እነዚህን በመረቅ ያሳደግነው ባክቴሪያ ላይ ታገኛቸዋለሽ?»

«ላላገኛቸው እችላለሁ፣ ጋሼ። መረቁ ውስጥ ብረት ካለ ባክቴሪያው አያወጣቸውም።»

«በሬው ውስጥስ?»

«በሬው ብረቱን ይደብቅበታል፤ ያኔ ያወጣቸዋል።»

«እንግዲያው በመረቅ አድጎ የተገደለ ባክቴሪያ የሚያስተምረው ሌላ፣ በሬው የሚገጥመው ሌላ ይሆናል ማለት ነው» አለ።

ትክክል ነው፤ ከቅደም ተከተል ትንበያ የምጠብቀው ትልቁ ጥቅምም ይህ ነው። ሳህን ላይ የበቀለውን ብቻ የሚያይ ሰው የማያገኛቸውን ፕሮቲኖች ጂኖሙ ይዟቸዋል። መቼ እንደሚወጡ ግን ጂኖሙ አይነግረኝም፤ ያንን ብረት በተቀነሰበት መረቅ ማሳደግ ብቻ ያሳያል። ዝርዝሩ ላይ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ባዶ አምድ ጨመርኩ፤ የሚሞላው በቤተ ሙከራ ነው።

የቀረው ከከብት የተገኙትን ዝርያዎች ጂኖም በዚሁ መንገድ ማሳለፍና ፕሮቲኖቹን ጎን ለጎን ማስተያየት ነው። የበርሜሎቹ ክሮች ብዙም እንደማይለያዩ፣ የውጭ ቀለበቶቹ ግን እንደሚለያዩ እጠብቃለሁ፤ መከላከያው የሚያየው እነርሱን ነውና። በቀለበቱ ላይ ብቻ የተመሠረተ ክትባት የዶሮውን ይዞ የበሬውን ሊስት ይችላል። የመጀመሪያውን የከብት ፋይል ዛሬ ማታ አስጀምረናል፤ ሲያልቅ በቅድሚያ የማነጻጽረው የኦምፕኤችን ቀለበቶች ነው።